የመዲና አራጋው እጅ

በ2071 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ተማሪዬ መዲና አራጋው የእጅ ምዝገባ ቅድመ ፈተናዋን ወደቀች። የጣልኳት እኔ ነኝ። ባለማስተማር የጣልኳት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ሰነፍ አስተማሪ በየዘመኑ አለ፣ ማንም አይገረምበትም።

ሙሉሰው እንድሪስ እባላለሁ። ደሴ ውስጥ፣ ከሰኞ ገበያ በላይ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዲጂታል ሥዕል መሠረታዊ ትምህርት ሳስተምር ሃያ ሰባተኛ ዓመቴ ነው። ሥራዬ አሰልቺ ነው፤ እወደዋለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተማሪዎቹ ተሰልፈው እጃቸውን ይታጠባሉ። በሩ ላይ ያለው መስታወት መዳፋቸውን ያይና ለእያንዳንዳቸው እስክሪብቶ ይሰጣቸዋል። እስክሪብቶው የያዘውን ሰው ያውቃል። ለጎረቤት ካዋሱት ይሞታል፤ የሁለቱም የዚያ ቀን ሥራ ይሰረዛል። በመጀመሪያው ዓመት መስመር እናስተምራለን፣ በሁለተኛው ቅርጽና ጥላ፣ በሦስተኛው ቀለም፣ ደርብ በደርብ እየተጫነ። የኛ ታብሌቶች የመመለሻ ቁልፍ የላቸውም። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ተነስቷል። ልጁ የሳተው መስመርም የልጁ ነው፤ እሱም ይፈለጋል ተባለ። ድሮ ላጲስ የሚባል ነገር ነበር ስላቸው ተማሪዎቼ ይስቃሉ። የሠራሁትን ለማጥፋት ገንዘብ አውጥቼ ዕቃ እገዛ እንደነበር ማመን ያቅታቸዋል።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሲጨርሱ የእጅ ምዝገባ አለ። የተመዘገበ ሰው እስክሪብቶ ይሰጠዋል፤ ዕድሜ ልኩን፣ የትም ቦታ፣ ያሻውን ይሥላል። ያልተመዘገበ ጠያቂ ይባላል። ጠያቂ የሚፈልገውን ሥዕል ለማሽኑ ይነግረዋል፣ ሥዕሉም ከተመዘገቡት እጆች በአንዱ ተሥሎ ይመጣል። አብዛኛው ሰው ጠያቂ ነው፣ በዚህም ቅር ያለው ሰው አላየሁም። ሥዕሉ እንደሆነ ያምራል፣ ደግሞም አይዘገይም። ከአርባ ተማሪዎቼ ጥሩ በሆነ ዓመት ሦስቱ ይመዘገባሉ። ፈተናው ደህና መሣል አለመሣልን አይጠይቅም። ማሽኑ የቆዩት እጆች ሰልችተውታል፤ አዲስ እጅ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጁ እጅ ቀድሞ ከተመዘገበ ከማንኛውም እጅ ጋር ከአርባ በመቶ በላይ መመሳሰል የለበትም።

የኔ እጅ በ2044 ዓ.ም. በመጀመሪያው ዙር ተመዝግቧል። በዚያ ሰሞን ወረፋው እስከ አስፋልቱ ደርሶ ነበር። ዛሬ ደሴ ውስጥ ካሉት የሱቅ ምልክቶች ግማሹ በኔ እጅ የተሣሉ ናቸው። የዱቄት ከረጢት ላይ ያለችው ሴት፣ የጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ያለው ሕፃን፣ የሠርግ ጥሪ ላይ የሚታዩት አበቦች የኔ ናቸው፤ አንዳቸውንም አልሣልኩም። መጀመሪያ ላይ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር። እያደር ግን የራሴን ድምፅ ከማላውቀው ሰው ቤት የሰማሁ ያህል ይከብደኝ ጀመር። አሁን ከረጢቷን ሳያት አንገቴን አዞራለሁ።

መዲና የመጣችው ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው። እናቷ ወይዘሮ ዘይነብ ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ። ልጅቷ ከትምህርት መልስ ከጆንያዎቹ ጀርባ ትቀመጥና የተፈጨውን በርበሬ ሰፌድ ላይ ዘርግታ፣ በጣቷ የገበያተኛውን ትከሻ፣ የሻጩን አንገት፣ የሚዛኑን ገመድ ትሥላለች። ከዚያ ሰፌዱን አንዴ ነቅነቅ ታደርገዋለች፣ ሥዕሉም ይጠፋል። በርበሬ ላይ መሣልን የሚከለክል ደንብ እስካሁን አልወጣም። ከዚህ ሌላ የምትፈልገው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ልብስም፣ ጓደኛም፣ ከተማ መቀየርም። መሣል ትፈልጋለች፤ ሰፌዱን ሳትነቀንቅ።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ። እኔ የማስተምረው እጅ ይዤ ነው። በልጅነቴ ቁርዓን ስቀራ ሸሁ እጄን በእጃቸው ሸፍነው፣ ሉህ በምንለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ብርዑን ያስኬዱኝ ነበር። ሌላ የማስተማር ዘዴ አላውቅም። ከተማሪው ጀርባ እቆማለሁ፣ እጁን ከነእስክሪብቶው እይዛለሁ፣ የመጀመሪያውን መስመር አብረን እናወርዳለን። ብዙዎቹ ይደነድኑብኛል። አንዳንዱ እጁን ይሰጠኝና ልቡ ምሳው ጋ ነው። መዲና ግን በሁለተኛው ሳምንት እጇን ለቀቀችልኝ። ክብደቷን ጥላ፣ እኔ ስነሳ እየተነሳች፣ እኔ ስጫን እየተጫነች ከኔ ጋር ሄደች። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልክድም። ሦስት ዓመት ሙሉ እጇን ያዝኩ።

ርዕሰ መምህሯ ትርሲት ቢሮዋ አስጠራችኝ። እሷም የድሮ ተማሪዬ ናት።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለችኝ።

«ማሽኑ ኮርጃለች ነው የሚለው?»

«መኮረጅ የሚባል ነገር አያውቅም እሱ። ‹ይህ እጅ ቀድሞ ተመዝግቧል› ነው ያለው። ተመሳሳይነት ዘጠና አንድ በመቶ።»

«ከማን ጋር?»

ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። ስሜና የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ሳለሁ የተነሳሁት ፎቶ ነበሩበት፤ ያኔ ጸጉር ነበረኝ።

«የሌሎቹስ?» አልኳት።

«ሃያ። ሃያ አምስት። አንዱ ሠላሳ አንድ ገብቷል።»

«እነሱንም እኮ እጃቸውን ይዣለሁ።»

«እኔንም ይዘውኝ ነበር» አለች ፈገግ ብላ። «ምንም አልገባኝ አለ እንጂ።» ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። «የመጨረሻው ፈተና ሰኔ አራት ነው። ሦስት ሳምንት አለዎት። ከአርባ በታች ካልወረደች ጠያቂ ሆና ትቀራለች። ይግባኝ የለውም።»

ሰነፎቹን ስንፍናቸው አተረፋቸው። የምትሰማኝን ልጅ ግን በገዛ እጄ በልቻታለሁ። ከቢሮው ስወጣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሸፍኖት ነበር፣ ክፍሌን ለማግኘት ግድግዳውን ይዤ ሄድኩ።

ለመዲና የነገርኳት ኮሪደሩ ላይ ነው። ቁጥሩን ስትሰማ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ፤ ፈገግ አለች።

«ዘጠና አንድ? ያን ያህል እርስዎን እመስላለሁ?»

«መዲና፣ ይሄ እኮ ክፉ ዜና ነው።»

«ገብቶኛል ቲቸር» አለች። ፈገግታዋን ለመሰብሰብ ብትሞክርም አልተሰበሰበላትም። «ግን ዘጠና አንድ…»

ከማግሥቱ ጀምሮ በየቀኑ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ያስተማርኳትን ማስረሳት ጀመርኩ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ማስተማር የጀመርኩትም ያኔ ነው። እሷ ትሥላለች፣ ታብሌቱ ጥግ ላይ ቁጥር ያወጣል። በግራ እጇ አሣልኳት፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ፣ ሰማንያ ስድስት። አቁሜ አሣልኳት። ክርኗን በመቀነት ከወንበሩ ጋር አስሬ አሣልኳት። በፊርማዬ ታብሌቱን አስወጥቼ የኮምቦልቻ አውቶቡስ ላይ ይዣት ወጣሁና በሐረጎ ቁልቁለት፣ በየመታጠፊያው እየተንገጫገጨች ሣለች። ሰባ ዘጠኝ። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየን ይስቅ ነበር።

መስመሮቿን አንድ በአንድ አሳያት ነበር። «ይሄ የኔ ነው። ይሄም የኔ ነው። እዚህ ጋ እጅሽን ቀለል ያደረግሽው እኔ ስለማደርገው ነው።»

«የኔስ የቱ ነው?» አለችኝ አንድ ቀን።

ታብሌቱን ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ። የማሳያት አጣሁ።

ቁጥሩ ሰባ ላይ ሲደርስ ቆመ። አራት ቀን ሙሉ ሰባን አልለቅም አለ። በአምስተኛው ቀን መዲና አርፍዳ መጣች። የገበያ ቀን ስለነበር እናቷን ስታግዝ ቆይታለች። እኔ ደግሞ ብዙ ስለጠበቅኳት ሳላስበው ጮህኩባት።

«ቀልድ መሰለሽ? እኔ እዚህ የምገተረው ለማን ነው?»

ከንፈሯን ነክሳ ተቀመጠች፣ አንዲት ጆንያ የተሸከመች ሴት ጀርባ ሣለች። ቁጥሩ ሃምሳ ስምንት አለ። ታብሌቱ የተሳሳተ መስሎኝ ጠጋ ብዬ አየሁ። እኔ በማነሳበት ቦታ ተጭናለች፣ እኔ ቀጥ ብዬ በማልፍበት ሰብራዋለች። እንዴት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። መዲና ስትሥል በየመሀሉ ቀና ብላ ፊቴን ታያለች፤ ደስ ያለኝ ከመሰላት ትቀጥላለች፣ ካልመሰላት የሚቀጥለውን መስመር ታቃናዋለች። ያን ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አላየችኝም።

እርግጠኛ ለመሆን በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቅኳት። እናቷ እንደምን እንደዋሉ ጠይቄ፣ ጥቂት ቀልጄ፣ ሥዪ አልኳት። ፊቷ በራ። ቁጥሩ ሰባ አንድ አለ። ይቅርታዬ አሥራ ሦስት ነጥብ አስከፈላት።

አቀበቱን ወጥቼ ቤቴ እስክደርስ ወሰንኩ። ለመወሰን ያን ያህል መንገድም አላስፈለገኝም፤ የቀረው ጊዜ የአንቀልባ ልጅ ሊቆጥረው የሚችል ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሙሉ ክፍል ፊት፣ የቅመም ሻጮቹን ሥዕሏን በትልቁ ሰሌዳ ላይ ከፈትኩት። የሦስት ወር ሥራዋ ነበር። ሰባት ሴቶች ጆንያቸው አጠገብ ተቀምጠዋል፣ የአንዷ ነጠላ ከትከሻዋ ሊወርድ ነው። ውብ ነበር።

«ይህን ተመልከቱ» አልኩ። «ሦስት ዓመት ለፍቼ ያተረፍኩት ይሄን ነው። ይሄ ሥዕል ይባላል? ከዱቄት ከረጢት ላይ የተገለበጠ!»

መዲና የቀልድ መጨረሻ እንደምትጠብቅ ሰው ቀና ብላ ታየኝ ነበር።

«አንቺን ነው የምልሽ፣ መዲና። የራስሽ የሆነ ነገር የለሽም። ለዚህ አልተፈጠርሽም። ጊዜዬን ከምትበይ እናትሽን በርበሬ በመሸጥ ብታግዣቸው ይሻልሻል።»

ክፍሉ ውስጥ ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። እሷም አላለቀሰችም። አይኗን ወደ ታብሌቷ አወረደች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀና አላለችም። ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ አርባ ዘጠኝ ነበር።

ቀጠልኩበት። ከፊት ወንበር አንስቼ ኋላ፣ የተሰበረው መስኮት ሥር አስቀመጥኳት። ስትጠይቀኝ አልሰማሁም። ስሟን ስጠራ የሌላ ተማሪ ስም ጠርቼ አስተካክል ነበር። ክፋት እንዲህ ቶሎ እንደሚለመድ አላውቅም ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ሳላስብ ይወጣልኝ ጀመር። አርባ አምስት። አርባ ሦስት። ሌሎቹ ተማሪዎች በኮሪደሩ ሲያልፉ ሰላምታ ነፈጉኝ፣ በዚህም ኮራሁባቸው።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ወይዘሮ ዘይነብ መጡ። በየበዓሉ አንድ ኪሎ የተፈጨ በርበሬ በልጃቸው እጅ ይልኩልኝ ነበር። ያን ቀን ባዶ እጃቸውን ናቸው፤ ቁሙም ቢሏቸው ተቀመጡም ቢሏቸው የሚሰሙ አይመስሉም።

«ልጄ ምን በድላዎት ነው?» አሉኝ።

«ምንም።»

«እህል አልቀምስ ብላለች። ሰፌዱን ስሰጣት ዝም ብላ ነፍታ ትመልስልኛለች። ድሮ እንኳ በርበሬዬን ፈጀሽው እያልኩ እቆጣት ነበር። አሁን ጣቷን አታስነካውም። ካልሆነላት ልንገራትና ትተወው? ከኔው ጋር ትዋል?»

እውነቱን ብነግራቸው እናት ናቸው፤ ልጅ ስትራብ እያዩ አፋቸውን ይዘው አይቀመጡም። አንድ ቃል ለመዲና ቢደርስ ሁሉም ነገር ከንቱ ይሆናል።

«ትፈተን» አልኩ። «ወድቃ ይውጣላት።»

ወይዘሮ ዘይነብ ቀና ብለው አዩኝ። «እኔ እኮ እርስዎን እንደ አባቷ ነበር የማይዎት» አሉ። «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ለካ ይሄ ነው።» ነጠላቸውን መለስ አድርገው ወጡ። በሩን አልዘጉትም፤ እኔም ተነስቼ አልዘጋሁትም።

ሰኔ አራት ቀን ዝናብ ዘነበ። አስተማሪ ፈተና ክፍል አይገባም፣ ስለዚህ ቆርቆሮው ሥር ቆሜ ጠበቅኩ። አምስት ሰዓት ሲሆን ትርሲት ወጣች።

«ሠላሳ አራት» አለችኝ።

ሳላስበው ወደ ክፍሎቹ መራመድ ጀመርኩ። ትርሲት የኮቴን እጅጌ ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?»

«ልነግራት ነዋ!»

«የአንድ ዓመት ክትትል አለ» አለች ቀስ ብላ። «በአዲሱ እስክሪብቶ የምትሥለው ሁሉ ይለካል። አንድ ጊዜ ከአርባ ካለፈች ምዝገባው ይሰረዛል።»

የየቀኑን ቁጥሮች የምታየው እሷ ናት። ምን ሳደርግ እንደሰነበትኩ የገባት ቀደም ብሎ ሳይሆን አይቀርም። ስትናገር አይን አይኔን አላየችኝም።

«እንኳን ደስ አለሽ ልበላት። እሱን ብቻ።»

«ይቅርታ የጠየቋት ቀን ሰባ አንድ ነበር» አለችኝ። «እርስዎ ያውቃሉ እንግዲህ።»

አመሻሹ ላይ የፈተና ሥዕሏን ከፍቼ አየሁት። አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። መስመሩ ወፍራምና የተቆራረጠ ነው፣ መዲና የሴትየዋ ትከሻ ላይ ብዙ ጊዜ ተጭና ሄዳበታለች። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ መስመር አይቼ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር አላማረኝም። የበፊቱን እወደው ነበር፣ የራሴ ስለነበረ ይሆናል። ነገር ግን ይሄኛው የሷ ነበር፤ ሌላ ማንም ሊሥለው አይችልም።

ሐምሌ መግቢያ ላይ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሲል መዲና መጣች። የትምህርት ቤቱን እስክሪብቶ መልሳ የራሷን ደረቷ ላይ ሰክታዋለች። በሩ ላይ ዣንጥላዋን አጥፋ ጠበቀችኝ። ከስታለች። በዓመቱ ውስጥ ያደገችው በነዚያ ሦስት ሳምንታት ይመስላል።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«ያን ቀን ክፍል ውስጥ… የራስሽ የሆነ ነገር የለሽም ያሉኝ። ለዚህ አልተፈጠርሽም ያሉኝ።» ዣንጥላዋን በሁለት እጇ ያዘች። «የምርዎን ነበር? ወይስ እንድበረታ ብለው ነው?»

መንገዱን ራሷ ከፈተችልኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ፣ የሚቀጥለውን ሁሉ እሷ ትጨርሰው ነበር። ተቀምጣ ስታስብ እንደከረመች፣ ይህን ጥያቄ ይዛ ከገበያ እስከዚህ ሽቅብ እንደወጣች ያስታውቃል። ልቧ ሊመለስልኝ ተዘጋጅቷል። ልቧ ከተመለሰ ደግሞ እጇም ይመለሳል።

«የምሬን ነው» አልኳት።

«ተመዝግቤያለሁ እኮ» አለች።

«ሰምቻለሁ። የመዘገበሽ ማሽን ነው። እኔ ሐሳቤን አልቀየርኩም።»

«እሺ» አለች። ዣንጥላዋን ዘረጋችና ቁልቁለቱን ወረደች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ ዞር እንዳትል፣ ፊቴን እንዳታይ አላህን እለምን ነበር፤ እንባዬን መያዝ አቅቶኝ ነበርና።

ዞር አላለችም።